ኢሜይሉን መክፈቴን በምን አወቁ?

ግራ የገባው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሳምንት በፊት ዋጋ ጠይቄው የነበረ አንድ ድርጅት ኢሜይል ላከልኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ከፈትኩት፣ አየት አድርጌ ዘጋሁት። ሊንክ አልነካሁም፣ መልስም አልሰጠሁም። ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ማታ ኢሜይላችንን አይተውት ነበር፣ ምን አሰቡ?» ይለኛል ሰውየው። ክው ነው ያልኩት። ተጠልፌ ይሆን? ፓስወርዴን ቀይሬያለሁ።

የቀድሞ ላኪ፦
አልተጠለፍክም፣ አይዞህ። ያስበላህ ምስል ነው።

ኢሜይሉ የተሠራው በኤችቲኤምኤል ነው፤ ልክ እንደ ድረ ገጽ። ምስሎቹ ብዙ ጊዜ አብረው አይመጡም፤ ስትከፍተው ነው ከላኪው ሰርቨር፣ ማለትም ከተቀመጡበት ኮምፒውተር፣ የሚጠሩት። ከመሃላቸው አንዷ ወርዷም ቁመቷም 1 ፒክስል ነው። ዓይን አያያትም። አድራሻዋ ላይ ግን ላንተ ብቻ የተሰጠ ቁጥር ተቀጥሏል። ያ ቁጥር ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ የከፈትክበት ሰዓት ይመዘገባል። እንደምትጠቀምበት ፕሮግራም ደግሞ አይፒ አድራሻህም፣ ኢንተርኔት ላይ የምትለይበት ቁጥር፣ ሊታወቅ ይችላል።

ይህን የማውቀው ከዚያኛው ወገን ስለነበርኩ ነው። ማስታወቂያ በኢሜይል እንልክ ነበር። አንድ ቀን ሪፖርቱ ላይ አንድ ደንበኛ አንዱን ኢሜይል 11 ጊዜ እንደከፈተው አየሁ። አለቃዬ «ትኩስ ነው፣ ደውልለት» አለኝ። ደወልኩ። ሰውየው «ቁጥሩን ልጽፍ ብዬ እየደጋገምኩ ነው የከፈትኩት፤ ግን አንተ በምን አወቅክ?» ሲለኝ አፌ ተሳሰረ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ጂሜይል ሴቲንግ ውስጥ ምስል ከማሳየቱ በፊት እንዲጠይቅህ ማድረግ ትችላለህ። ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ሳትነግረውም የውጭ ምስል ያግዳል። ጂሜይል ከ2013 ጀምሮ ምስሎቹን በራሱ ሰርቨር በኩል ስለሚያመጣ አይፒህ ይደበቃል፣ መክፈትህ ግን ሊታወቅ ይችላል። አፕል በ2021 ያመጣው ዘዴ ይለያል፤ ብታበራው፣ ኢሜይሉን ከፈትከው አልከፈትከው ምስሉን ቀድሞ ይጠራዋል። ላኪው እውነቱን ከውሸቱ መለየት ያቅተዋል። ይቺ ዘዴ ደስ ትለኛለች።

ቁልፍ ያዥ፦
እኔ ኢሜይሌን በፒጂፒ ነው የምመሰጥረው፤ ቁልፉ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚያነበው። ይሄ እኔን አይመለከትም አይደል?

የቀድሞ ላኪ፦
በ2018 ኢፌይል የተባለው ቀዳዳ ሲወጣ ያስደነገጠው እንዳንተ ያለውን ነው። አጥቂው ቀድሞ የጠለፈውን የተመሰጠረ ኢሜይልህን ያልተዘጋ የምስል አድራሻ ውስጥ ሸጉጦ መልሶ ይልክልሃል። ፕሮግራምህ በራስህ ቁልፍ ይፈታዋል። ከዚያ የተፈታውን ጽሑፍ የምስሉ አድራሻ ክፍል መስሎት ለአጥቂው ሰርቨር ያቀብላል። ምስጠራውን መስበር እንኳ አላስፈለገውም። ፕሮግራሞቹ በኋላ ጠግነውታል። እኔ ግን የተመሰጠረ ነገር በተራ ጽሑፍ ብቻ ነው የማነበው።

ሊንክንም በጽሑፉ አትመኑ። ላይ የሚታየው የባንካችሁ አድራሻ ሆኖ ከሥሩ ሌላ ቦታ የሚወስድ ሊሆን ይችላል። ስልክ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ብትቆዩ እውነተኛው አድራሻ ይወጣል። ዝም ብላችሁ ነካ እንዳታደርጉት ብቻ!

ግራ የገባው፦
ምስሉን አጠፋሁት። አሁን ግማሹ ኢሜይሌ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው፣ ግን ይነበባል። ሰውየውም ዛሬ ደወለ። «የላክንልዎት ኢሜይል አልደረሰዎትም እንዴ?» አለኝ። ሦስቴ አንብቤው ነበር።