ኤልሳቤጥና ሜሪ ስቱዋርት ተያይተው ሳያውቁ ፊልሞች ስለምን ያገናኟቸዋል?

ጠያቂ፦ የታሪክ ወዳጅ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ስኮትላንዷ ንግሥት ስለ ሜሪ ስቱዋርት በ2018 የተሠራውን ፊልም ሰሞኑን ከእህቴ ጋር ተመለከትን (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሲርሻ ሮናን ሜሪን፣ ማርጎ ሮቢ ደግሞ የእንግሊዟን ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን ሆነው ይጫወታሉ። ወደ ፊልሙ መጨረሻ ገደማ ሁለቱ ንግሥቶች በአንድ ገለልተኛ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ በተሰቀሉ ነጫጭ ጨርቆች መካከል በድብቅ ይገናኛሉ። ትዕይንቱ ልቤን ስለነካው ታሪኩን ለማንበብ ተነሣሁ፤ ያገኘሁት ግን ሁለቱ በሕይወት ዘመናቸው አንድም ቀን ዐይን ለዐይን እንዳልተያዩ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ እወዳለሁ። አንደኛ፣ ያልተደረገ ነገር እንደተደረገ አድርጎ ማሳየት ለምን አስፈለገ? ሁለተኛ፣ እህቴ «አልጋው በሕግ የሜሪ ነበር፤ ኤልሳቤጥ ነጥቃ ነው የያዘችው» ብላ ትሟገተኛለች። እኔ ደግሞ ኤልሳቤጥ የንጉሡ የሄንሪ 8ኛ የአብራክ ክፋይ ሆና ሳለች የአክስቷ የልጅ ልጅ እንዴት ልትቀድማት እንደምትችል አልገባኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ መዝገብ አገላባጭ

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ እርሱ ካልተፈታ የመጀመሪያውም አይፈታምና። እርስዎም እህትዎም የእውነቱን ገሚስ ይዛችኋል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ የሚለካበት ሚዛን ሁለት ነበር፤ አንዱ የዘር ሐረግ፣ ሌላው ፓርላማ ያጸደቀው ሕግ። ሁለቱ ሚዛኖች ደግሞ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም ነበር።

ሄንሪ 8ኛ ከአራጎኗ ካትሪን ሜሪ ቱዶርን፣ ከአን ቦሊን ኤልሳቤጥን፣ ከጄን ሲሞር ኤድዋርድን ወልዷል። ከካትሪን ጋር የነበረውን ጋብቻ አስፈርሶ አንን ሲያገባ የሮማው ጳጳስ ስላልተቀበሉት፣ በካቶሊኮች ዐይን ካትሪን በሕይወት ሳለች አን ሕጋዊ ሚስት፣ ልጇም ሕጋዊ ልጅ ልትሆን አትችልም ነበር። እህትዎ የሚሉት ከዚህ የመነጨ ነው። ይባስ ብሎ ሄንሪ ራሱ በ1536 አን ቦሊንን ካስገደለ በኋላ ሁለቱም ሴቶች ልጆቹ ከሕጋዊ ጋብቻ የተወለዱ አይደሉም የሚል ሕግ አስወጣ። በ1544 የጸደቀው ሌላ ሕግ ከኤድዋርድ ቀጥሎ ሜሪን፣ ከሜሪ ቀጥሎ ኤልሳቤጥን ወደ ተራው መለሳቸው፤ ዲቃላ መባላቸውን ግን አልሻረላቸውም። ሜሪ ቱዶር በነገሠችበት ዓመት የወላጆቿ ጋብቻ ትክክለኛ እንደነበረ በፓርላማ አስወሰነች። ኤልሳቤጥ ግን በ1559 የንግሥትነት መብቷን ብቻ አስጸድቃ፣ የልደቷን ነገር ሳትነካካው አለፈች። እኔ በግሌ ይህን ዝምታ የታላቅ ብልህነት ምልክት አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ያ ጉዳይ እንደገና ቢነሣ ኖሮ አገሩ ሁሉ ስለ እናቷ መከራከሩ አይቀርም ነበርና።

ሜሪ ስቱዋርት የሄንሪ ታላቅ እህት የማርጋሬት የልጅ ልጅ ናት። ስለዚህ ኤልሳቤጥን ሕጋዊ ልጅ አይደለችም ለሚል ሰው፣ በዘር ቆጠራ ከሜሪ ስቱዋርት የሚቀርብ አልነበረም። ነገር ግን ሄንሪ በኑዛዜው የማርጋሬትን ዘር ሙሉ በሙሉ ዘልሎ ወደ ታናሽ እህቱ ዘር አለፈ፤ ፓርላማውም ውርሱን በኑዛዜ የመወሰን ሥልጣን አስቀድሞ ሰጥቶት ነበር። በሕጉ ከሄድን ሜሪ ስቱዋርት ከነጭራሹ ከተራው ውጭ ናት።

ጠቡን የለኮሰው እነዚህ ሐሳቦች በብራና ላይ ብቻ አለመቅረታቸው ነው። በኅዳር 1558 ሜሪ ቱዶር ሞታ ኤልሳቤጥ ስትነግሥ፣ የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ሚስት የነበረችው የ15 ዓመቷ ሜሪ ስቱዋርት በአማቷ በንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ፈቃድ የእንግሊዝን የንግሥና አርማ ከራሷ አርማ ጋር ማስቀረጽ ጀመረች። በ1560 የተደረገው የኤድንብራ ስምምነት ይህን አርማ እንድትተው ያዝዝ ነበር፤ እርሷ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አላጸደቀችውም። ፊልሞቹ ጠቡን ከመልክና ከወንድ ጋር ሲያያይዙት ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው። በመካከላቸው የቆመው አንድ ያልተፈረመ ውል ነበር።

መልስ፦ የድሮ ፊልም ተመልካች

መዝገብ አገላባጭ የጻፉትን በሙሉ እቀበላለሁ። ስለ ሲኒማው ደግሞ የማውቀውን ልጨምር።

የግንኙነቱ ትዕይንት የ2018ቱ ፊልም ፈጠራ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሺለር በ1800 ለመድረክ ባበቃው ተውኔት ሁለቱን ንግሥቶች በእስር ቤቱ ግቢ አገናኝቷቸዋል፤ የዶኒዜቲ ኦፔራም ይህንኑ ተከትሏል። ካትሪን ሄፕበርን ሜሪን ሆና የተጫወተችበት የ1936ቱ ፊልም አገናኝቷቸዋል፤ ቫኔሳ ሬድግሬቭና ግሌንዳ ጃክሰን የተወኑበት የ1971ዱ ፊልም ደግሞ ሁለት ጊዜ አገናኝቷቸዋል። እንዲያውም ሜሪ በሲኒማ ታሪክ ውስጥ እጅግ ቀደምት ቦታ አላት። በ1895 በኤዲሰን ድርጅት የተሠራ፣ ከግማሽ ደቂቃ የማይበልጥ ፊልም አንገቷ ሲቀላ ያሳያል፤ ካሜራው ቆሞ ተዋናዩ በአሻንጉሊት ከተተካ በኋላ ቀረጻው ስለቀጠለ፣ በፊልም ጥበብ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ የማታለያ ዘዴዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

ጸሐፊዎቹ ለምን እንደሚያገናኟቸው ይገባኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ያህል በደብዳቤ ብቻ «እህቴ» እየተባባሉ የኖሩ ሁለት ሰዎችን መድረክ ላይ ማቆም ከባድ ነው፤ ተመልካች ፊት ማየት ይፈልጋል። ቢሆንም ያልተደረገው ግንኙነት ራሱ ከተፈጠረው ይልቅ ድራማ ነበረው ብዬ አምናለሁ። በ1562 በሰሜን እንግሊዝ ለመገናኘት ቀጠሮ እስከ መያዝ ደርሰው ነበር፤ ዳሩ ግን በፈረንሳይ በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል ጦርነት ስለተነሣ ኤልሳቤጥ ሰረዘችው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ኤልሳቤጥ በፈንጣጣ ታማ ለሞት ተቃረበች፤ አማካሪዎቿም በአልጋዋ ዙሪያ ተሰብስበው ማን ይተካታል በሚለው ላይ መስማማት አቃታቸው፤ የሜሪን ስም የሚያነሣ እንኳ ከመካከላቸው አልነበረም ለማለት ይቻላል። የ2018ቱ ፊልም ፈንጣጣውን የመልክ መበላሸት አድርጎ አሳይቶናል። የዚያ ሕመም ዋና ፍርሃት ግን ንግሥቲቱ ወራሽ ሳትሰይም ብትሞት አገሪቱ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ትገባለች የሚል ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ልናገር። በዚህ ፊልም ሜሪ የምትናገረው በስኮትላንድ ቅላጼ ነው። ሜሪ ግን በአምስት ዓመቷ ወደ ፈረንሳይ ተልካ በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ በነሐሴ 1561፣ ባሏ ፍራንሷ 2ኛ ሞቶባት ነው የተመለሰችው። የመጨረሻ ደብዳቤዋን፣ ከመሞቷ ጥቂት ሰዓታት በፊት፣ ለፈረንሳዩ ንጉሥ የጻፈችው በፈረንሳይኛ ነበር። የስኮትላንድ መኳንንት እንደ እንግዳ ያዩዋት ለምን እንደነበር በዚህ ቅላጼ ምክንያት ከፊልሙ ይጠፋል፤ ይህ ለእኔ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ትዕይንት የባሰ ስሕተት ነው።

ጠያቂ፦ የታሪክ ወዳጅ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእህቴ አነበብኩላት፤ «ታዲያ ኤልሳቤጥ ወራሿን ብትሰይም ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር አልነበረምን?» ስትል ጠየቀች። ደግሞስ ለዘጠኝ ቀን የነገሠችው ጄን ግሬይ ከዚህ ጋር ግንኙነት አላት?

መልስ፦ አንባቢ ከባሕር ዳር

አስቀድሜ ስለ ቃል አንድ ነገር ላንሣ፤ የአማርኛ አንባቢ ይህን ታሪክ ለመረዳት የተሻለ ቋንቋ አለው ብዬ ስለማምን ነው። እንግሊዝኛው የንጉሥ ሚስትንም በራሷ የነገሠችውንም በአንድ ስም ይጠራል። እኛ ግን እቴጌ ጣይቱን ከንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ እንለያለን። በዚህ ሚዛን ሜሪ ስቱዋርት በፈረንሳይ እቴጌ፣ በስኮትላንድ ግን በስድስት ቀን ዕድሜዋ የአባቷን አልጋ የወረሰች ንግሥት ነበረች። አን ቦሊን እቴጌ ነበረች፤ ልጇ ንግሥት ሆነች። በፊልሞቹ ላይ ሁለቱ ሲቀላቀሉ፣ ሴት በራሷ መብት መንገሥ ምን ያህል አዲስ ነገር እንደነበረ ተመልካቹ አያስተውልም።

የሄንሪ 8ኛ ታናሽ እህት የልጅ ልጅ የሆነችው ጄን ግሬይ የምትገባውም እዚህ ላይ ነው። ኤድዋርድ 6ኛ በ1553፣ በ15 ዓመቱ ሊሞት ሲቃረብ፣ ካቶሊኳ እህቱ ሜሪ እንዳትነግሥ በገዛ እጁ የውርስ ሰነድ ጻፈ። መጀመሪያ አልጋውን የሰጠው ለሴት አልነበረም፤ ጄን ወደፊት ለምትወልዳቸው ወንዶች ልጆች ነበር። ጊዜ እንዳጠረው ሲያውቅ ግን ጥቂት ቃላት ፍቆና ጨምሮ፣ «ለጄን ወንዶች ልጆች» የሚለውን «ለጄን እና ለወንዶች ልጆቿ» አደረገው። በዚያች እርማት አንዲት ወጣት ሐምሌ 10 ቀን ነገሠች፤ ሐምሌ 19 ቀን ወረደች፤ በየካቲት 1554 ተሰየፈች። በ1986 የተሠራው ፊልም ከጊልፎርድ ደድሊ ጋር የነበራትን ትዳር የፍቅር ታሪክ አድርጎታል፤ ጋብቻው ግን ወላጆች ለሥልጣን የተዋዋሉት ነበር። እንግሊዞች በዚያ ወር ንጉሣቸው ከጻፈው ይልቅ ፓርላማ ያጸደቀውን ተራ መርጠው ሜሪ ቱዶርን ተከተሉ። ይህ ፍርድ ከአምስት ዓመት በኋላ ኤልሳቤጥንም የጠቀመ ነው።

ወራሽ ያልሰየመችበትን ምክንያት ደግሞ ራሷ በ1561 ለሜሪ መልእክተኛ ለሜይትላንድ ነግራዋለች፤ የገዛ መግነዜን እወድ ዘንድ ታስባለህን የሚል መልስ ነው የሰጠችው። ይህን ያለችው ከደረሰባት ተነሥታ ነው። በእህቷ ዘመን ተራ ጠባቂ ሆና ሳለች ተቃዋሚው ሁሉ ስሟን ይጠራ ስለነበር በ1554 በለንደን ግንብ ታስራ ከሞት ለጥቂት ተርፋለች። ሜሪን ወራሽ ብላ ብትሰይም የገዛ ዙፋኗን ፀሓይ ስትጠልቅ፣ የሜሪን ደግሞ ስትወጣ ማሳየት ይሆንባት ነበር። ስለዚህ ለእህትዎ የምመልሰው፣ ብትሰይም ኖሮ ምናልባት የሚሞተው ሰው ይለወጥ ነበር እንጂ ሞቱ አይቀርም ነበር ብዬ ነው።

መልስ፦ መዝገብ አገላባጭ

በባሕር ዳሩ ወዳጄ መልስ ላይ ፍጻሜውን ልጨምርበት። ሜሪ ሁለተኛ ባሏ ሎርድ ዳርንሊ በየካቲት 1567 ከተገደለ በኋላ፣ በግድያው የሚጠረጠረውን ቦዝዌልን በሦስት ወር ውስጥ አገባች፤ መኳንንቱም ተነሥተውባት የአንድ ዓመት ልጇን ጄምስን አነገሡ። በግንቦት 1568 ጦሯ ተሸንፎ ድንበር ተሻግራ ወደ እንግሊዝ ገባች፤ ከዚያ በኋላ የወጣችበት ቀን የለም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል በግዞት ቆየች። በ1586 ኤልሳቤጥን ለመግደል ከዶለተው ከባቢንግተን ጋር የተጻጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በምስጢር ፊደል ተጽፈው በቢራ በርሜል ውስጥ ተደብቀው ይገቡና ይወጡ ነበር፤ እያንዳንዱን ግን የኤልሳቤጥ የስለላ አለቃ የፍራንሲስ ዎልሲንግሃም ሰዎች እየገለበጡ ያነቡት ነበር። የካቲት 8 ቀን 1587 በፎዘሪንጌይ ግንብ አዳራሽ ተሰየፈች። ኤልሳቤጥ የሞት ትእዛዙን ፈርማ ሳለ ያለ ፈቃዴ ተፈጸመ ብላ፣ ትእዛዙን የያዘውን ጸሐፊዋን ዴቪሰንን አሰረችው። የተጸጸተች አስመሰለች የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ፍርሃቷ እውነተኛ ነበር እላለሁ፤ የተቀባች ንግሥትን በሕግ ፍርድ መግደል የራሷንም አንገት የሚነካ ነገር መሆኑን ከማንም በላይ ታውቅ ነበርና።

የሕጉና የደሙ ክርክር የተዘጋው በመጋቢት 1603 ነው። ኤልሳቤጥ ስታርፍ ሄንሪ የዘለለው የማርጋሬት ዘር፣ የሜሪ ልጅ ጄምስ፣ ያለ አንዳች ጦርነት ነገሠ። የሄንሪን ኑዛዜ ያነሣበት ሰው አልነበረም፤ የመጀመሪያው ፓርላማውም መብቱ በደም የወረሰው መሆኑን በሕግ አወጀለት። በ1612 የእናቱን ዐፅም ከፒተርቦሮ አስነሥቶ በዌስትሚንስተር ገዳም አሳረፈው። የሜሪ መቃብር በሄንሪ 7ኛ ጸሎት ቤት በደቡብ ክንፍ ነው፤ በሰሜኑ ክንፍ ኤልሳቤጥ ከእህቷ ከሜሪ ቱዶር ጋር በአንድ መቃብር ተኝታለች።