ሳይጋቡ አብሮ መኖር ወረዳ ይመዝገብ ወይስ እንዳለ ይቅር?

ማሂ፦ ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩበት። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ሰዎች ልክ እንደ ጋብቻው ወረዳ ሄደው የሚመዘገቡበት መንገድ ለምን የለም? ያነሳሁት በአክስቴ ምክንያት ነው። ከአንድ ሰው ጋር 11 ዓመት ኖራለች፣ ሰማንያ የለ፣ ቁርባን የለ፣ ሽማግሌም አልተላከ፣ ግን ሰፈሩ በሙሉ ሚስቱ ነው የሚላት። ቤቱን ሲገዙ ሁለት ዙር እቁቧን አውጥታ አስገብታበታለች፣ ካርታው ግን በሱ ስም ነው። አምና ሞተ። አርባው ሳይወጣ ወንድሞቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው መጡና "ወረቀት አለሽ?" አሏት። ወረዳ ስትሄድ ደግሞ የሱ ፋይል ላይ የተጻፈው "ያላገባ" ነው። ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሰው የሚያጽናናት ሴትዮ ወረዳው ጋ የለችም ማለት ነው።

ዳኒ፦ ነፍስ ይማር፣ አክስትሽንም እግዜር ያጽናት። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ጋብቻ እኮ ማንም አልከለከላቸውም፣ ክብር መዝገብ ምስክር ይዞ ሄዶ መፈረም ነው። 11 ዓመት ሙሉ ያልፈረመ ሰው መፈረም አልፈለገም፣ ምክንያቱ የራሱ ነው። እሱ ያልፈለገውን ነገር መንግስት በጓሮ በር ለምን ያስገባበታል? እንደዛ ከሆነ ማግባትና አለማግባት ልዩነቱ ምንድነው ታዲያ፣ ልጆቻችንስ ለምን ሽማግሌ ይላኩ።

ሰብሊ፦ ዳኒ "አልፈለገም" ስትል ማን ነው ያልፈለገው? ሁለቱም አይደሉም እኮ። ብዙ ጊዜ አንዱ "ዘንድሮ፣ ለከርሞ፣ ቤቱን ጨርሰን፣ እህቴ ከውጭ ስትመጣ" እያለ ይጎትታል፣ አንዷ ትጠብቃለች። ጎረቤታችን የነበረች ልጅ አረብ ሀገር ሰባት ዓመት ሰርታ ብሩን በየወሩ ለሱ ነው የምትልከው፣ መሬቱ በሱ ስም ተገዛ፣ ስትመለስ ሌላ ሰርጎ ጠበቃት። "ያላገባ" የሚል ማስረጃ ከወረዳ አውጥቶ ነው የሰረገው፣ እና ወረዳው አልዋሸም፣ በመዝገቡ መሰረት አላገባም። እሷ ግን ምኑ ነበረች?

ጠበቃ ነኝ፦ ክርክሩ ከመሞቁ በፊት ሕጉ አሁን ምን እንደሚል ልበል፣ ምክንያቱም ሁለታችሁም ምንም ሕግ እንደሌለ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ከአንቀጽ 98 ጀምሮ "ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር" የሚል ሙሉ ክፍል አለው። አንቀጽ 102 ደግሞ አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ በጥረታቸው ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው ይላል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር እኮ አብረው ለሚኖሩ ሰዎች የጋራ ንብረት የሚባል ነገር አይሰጥም ነበር፣ ስለዚህ ትልቅ ለውጥ ነው። ልጆቹን በተመለከተ ከሆነ አባትነቱ ልክ በጋብቻ እንደተወለደ ልጅ ይገመታል፣ ሕገ መንግስቱም አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ እኩል መብት አለው ይላል። (አዋጁ የሚሰራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፣ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ክልል ያላችሁ የዛን ተመልከቱ።)

ዳኒ፦ አየሽ ማሂ፣ ሕጉ ካለ ምን ቀረሽ? እንደውም እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ከሴት ጓደኛህ ጋር ሦስት ዓመት ከቆየህ ንብረትህን ልትካፈልህ ነው ማለት ነዋ። ይሄን ስንቱ ወንድ ያውቃል?

ጠበቃ ነኝ፦ እንደሱ አይደለም ዳኒ። ሕጉ ግንኙነት ስላለ ብቻ፣ ተደጋጋሚም ቢሆን ሰውም ቢያውቀው፣ አብሮ መኖር አይባልም ብሎ በግልጽ ጽፏል። አኗኗራችሁ የባልና ሚስት መምሰል አለበት፣ አንድ ቤት፣ አንድ ኑሮ። ከዛ በፊት የነበረህ ንብረትም የግልህ ነው፣ የወረስከውም እንደዛው። ማሂ ያነሳችው ችግር ሌላ ነው፣ መብቱ አለ ግን ማስረጃው የለም። ወሳኝ ኩነት በአዋጅ 760/2004 የሚመዘግበው ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ነው፣ አብሮ መኖር የሚመዘገብበት ቅጽ የለም። ስለዚህ ሴትየዋ መብት እንዳላት የሚታወቀው ፍርድ ቤት ምስክር አቁማ ከረታች በኋላ ነው። እስከዛ ቤቱ ይሸጣል፣ ሰውየው ያላገባ ማስረጃውን ይዞ ውልና ማስረጃ ሄዶ ብቻውን ይፈርማል፣ ማንም "ሌላ ሰው አለበት ወይ" ብሎ አይጠይቅም።

ሀያት፦ እኔ አንድ ነገር እንዳይምታታ ፈልጌ ነው። ኒካህ አስሮ ያልተመዘገበ ሰው አብሮ የሚኖር አይባልም፣ ያገባ ነው! በቁርባንም በባህልም የተጋባ እንደዛው። ሕጉ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል፣ ምዝገባው ለማስረጃ ነው እንጂ ጋብቻውን የሚፈጥረው ወረዳ አይደለም። አብሮ መኖር የሚባል ምዝገባ ቢመጣ እናቶቻችን ኒካህ እያላቸው ወረቀት ስለሌላቸው ብቻ እዛኛው መዝገብ ላይ እንዳይጻፉ እፈራለሁ። ለኛ ያ ከባድ ስድብ ነው።

ሰብሊ፦ ትክክል ሀያት፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ቢመጣም ሁለቱ ተለያይተው መሆን አለበት።

ፓሪስ ያለሁ፦ እኔ ካለሁበት ሀገር ልንገራችሁ። ፈረንሳይ "ፓክስ" የሚባል አለ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ከጋብቻ በታች ግን ከዝም ብሎ መኖር በላይ ነው፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ትመዘገባላችሁ፣ አንዱ ብቻውን ፈልጎ ማፍረስ ይችላል፣ ንብረትም ካልተስማማችሁ በቀር የየራሳችሁ ነው፣ ያለ ኑዛዜም አትወራረሱም። ባልደረቦቼ ግማሾቹ በሱ ነው የሚኖሩት። እንግሊዝ ደግሞ ወንድና ሴት ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በጋብቻ ፋንታ እንደዚህ አይነት ውል መመዝገብ ይችላሉ፣ ካልተመዘገቡ ግን ሀያ ዓመት አብረው ቢኖሩም ሕጉ እንደ ባልና ሚስት አያያቸውም፣ ብዙ ሰው ያያቸዋል ብሎ ያምንና በኋላ ይደነግጣል። የኛ ሕግ እኮ በዚህ በኩል ይሻላል፣ ሳይመዘገቡም ሦስት ዓመት ካለፋቸው የጋራ ንብረት ይሰጣል።

ዳኒ፦ ፓሪስ ያለኸው፣ እሱ ፈልገው ሁለቱም የፈረሙት ነው። ሁለቱ ፈልገው ከሆነ እኔም ተቃውሞ የለኝም። የምቃወመው አንዱ ሳያውቅ ሌላው ሄዶ የሚያስመዘግበው ከሆነ ነው።

ማሂ፦ ዳኒ ሁለቱም የሚፈርሙ ከሆነማ መጀመሪያም ጋብቻ ይፈርሙ ነበር! የማይፈርመው ሰው አለ እኮ ችግሩ። እኔ የምለው አንዷ ሄዳ ከዚህ ሰው ጋር በዚህ ቤት ቁጥር እኖራለሁ ብላ ታስመዝግብ፣ እሱም ይጠራና አዎ ወይ አይደለም ይበል። አይደለም ካለ ቢያንስ በዛው ቀን ታውቀዋለች። አክስቴ 11 ዓመት ሙሉ ያላወቀችውን ነገር ማለት ነው።

ዳኒ፦ እሺ ይሄኛው... አላውቅም፣ ላስብበት። ቤት ያፈርሳል ብዬ ነው የምፈራው፣ ሰላም የነበሩ ሰዎች ወረዳ ሲጠራቸው ይጣላሉ። ግን ያላገባ ማስረጃ ሲሰጥ ዝም ብሎ ማህተም ከመምታት በፊት "አብሮህ የምትኖር ሰው አለች ወይ" ብሎ ቢጠየቅና ቢዋሽ ቢጠየቅበት እሱን እደግፋለሁ፣ የሰብሊ ጎረቤት ነገር አሳዝኖኛል።

ጠበቃ ነኝ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሚስትም ብትሆን እኮ በኛ ሕግ ባሏን አትወርስም፣ ኑዛዜ ከሌለ በቀር። የምትወስደው ከጋራው ንብረት የራሷን ግማሽ ነው፣ የሱ ግማሽ ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለው ለእናት አባቱ፣ እነሱ ከሌሉ ለወንድም እህቶቹ ይሄዳል። ስለዚህ የማሂ አክስት ካስረዳች የምታገኘው ያገባች ሴት ከምታገኘው ጋር ያን ያህል አይራራቅም። ማሂ፣ የወራሽነት ማስረጃው ላይ መቃወሚያ አቅርባችኋል? በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት 358 ማለቴ ነው። ቤቱም እንዳይሸጥ እግድ ጠይቁ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ። ማስረጃ ምን አላችሁ?

ማሂ፦ መቃወሚያው ገብቷል፣ እግዱም ባለፈው ሳምንት ተሰጥቷል። ማስረጃ መጀመሪያ ጎረቤት ብቻ ነበር የመሰለን፣ የእቁቡ ሰዎች ደግሞ ደብተሩን አላስቀመጡም። ከዛ እናቴ እድሩን አስታወሰች። የእድሩ ጸሐፊ ቤት ሄደን አሮጌውን ጥቁር መዝገብ ከቁም ሳጥን አውጥተው ገለጡልን፣ ሲመዘገቡ 2005 ላይ ነው፣ ሰውየው ራሱ በእጅ ጽሁፉ ስሙን ጽፎ ከስሩ "ባለቤት" የሚለው ቦታ ላይ የአክስቴን ሙሉ ስም ሞልቶ ፈርሟል። አክስቴ ገጹ ላይ እጇን አድርጋ ብዙ ቆየች። ጸሐፊው በቀጠሮው ቀን መዝገቡን ራሴ ይዤ እመጣለሁ፣ ለማንም አልሰጥም ብለዋል።