አስቸኳይ፦ ነገ ጠዋት «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለሽ ፈርሚ ተብያለሁ

የሆጤዋ፦ ወገኖች ፍጠኑልኝ። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን) ላይ። ወገቤን ካመመኝ ሁለት ዓመት አለፈ። በዚህ ወር አራት ቀን ቀረሁ። ዛሬ ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ጠርቶ የመልቀቂያ ወረቀት ዘረጋልኝ። «ነገ 2 ሰዓት ካልፈረምሽ እናባርርሻለን፣ የሥራ ልምድ ወረቀትም እንደማታገኚ እወቂ» አለኝ። ብፈርም አይሻልም?

ቀጭን ክር፦ እንዳትፈርሚ! ወላሂ እንዳትፈርሚ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት ቆሜ አስተምሬያለሁ። ጠመኔ በልቻለሁ። አንድ ቀን አልቀረሁም። የዛሬ ልጅ ትራሱ ይመቸዋል፣ ፍራሹ ይመቸዋል፣ ወገቡ ግን...

ቀጭን ክር፦ ጋሼ፣ እሷ ተቀምጣ ነው የምትሠራው።

የሐረጎ ሹፌር፦ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። በየቀኑ ከደሴ የሐረጎን ተራራ መውረድና መውጣት ነው የጨረሰሽ። እዚያው ኮምቦልቻ ተከራዪ፣ ሙቀቱም ለወገብ ይሻላል።

የሆጤዋ፦ ኪራዩን አንተ ትከፍላለህ? እናቴስ ብቻዋን ናት።

የማኅበር ሰው፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ከፈረምሽ ለቀቀች ነው የሚባለው፣ አባረሩኝ ብለሽ መከራከር ይከብድሻል። የሥራ ልምድ ደግሞ ችሮታ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው ያለ ክፍያ መስጠት አለበት፣ ቢያባርርሽም። የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ የሕመም ፈቃድ አለሽ፦ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ተከታትሎም ተቆራርጦም ይቆጠራል። ግን የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል፣ በቀረሽ ማግስትም ማሳወቅ አለብሽ። አሳውቀሻል? ወረቀትስ አለሽ?

የሆጤዋ፦ ለሱፐርቫይዘሬ ደውያለሁ። ወረቀት የሁለት ቀን አለኝ። የቀረውን ሁለት ቀን ሐኪም ጋ ሳልሄድ ቤት ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት።

የማኅበር ሰው፦ ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪን! ያለ ወረቀት የቀረሽባቸው ቀኖች ናቸው ደካማ ጎንሽ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሽ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ከቀረሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላሉ። ማስጠንቀቂያ ከሰጡሽ ተቀበይ፣ ከጎኑ «ደርሶኛል፣ አልስማማም» ብለሽ ጻፊ። የሁለቱን ቀን ወረቀትና የደወልሽበትን ሰዓት ያዢ። ካባረሩሽ ወደ ሥራ ለመመለስ የምትከሺበት ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው።

ሳቂታው፦ ፈርሚ ካሉሽ በትልልቅ ፊደል «አመመኝ» ብለሽ ፈርሚ። 😂

ቀጭን ክር፦ እንዳትፈርሚ ብያለሁ!

ነርስ ነኝ፦ ወደኋላ ቀን የተጻፈ ወረቀት ግን እንዳትገዢ፣ በራስሽ ላይ ትመሰክሪያለሽ። ሐኪሙን «ከባድ አታንሺ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ» ብሎ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው። በዚያ ወረቀት ቆሞ ወደሚሠራ ቦታ፣ ክር መቁረጥ ወይም ፍተሻ፣ ለመዛወር ማመልከት ትችያለሽ። ቀኑን ሙሉ መተኛት ወገብን ያደርቃል፣ ቀስ ብለሽ ተንቀሳቀሺ። የሕመም ማስታገሻውን ዳይክሎፌናክን በየቀኑ ከወሰድሽ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ሽንት ካመለጠሽ ወይም በእግሮችሽ መሐል ከደነዘዘሽ ግን ኤች አርን ተዪው፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂጂ።

ጡረተኛው መምህር፦ እኔም ማታ ማታ ያመኛል፣ ለሰው አልናገርም እንጂ። ነርሷ፣ ያ መድኃኒት ኩላሊት ይጎዳል አልሽ?

ቀጭን ክር፦ የሆጤዋ፣ ነግቶ ጠዋት 4 ሰዓት ሆነ። ምን አሉሽ?

የማኅበር ሰው፦ ስልክ ሎከር ውስጥ ነው የሚቀረው። እስከ ማታ አትጠብቋት።