ባልደረባዬ ፋይሌን ማረም አልቻለችም፣ ማጥፋት ግን ትችላለች

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ ነው የምንሠራው። ዴቢያን 12 (የሊኑክስ ዓይነት) የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር አለን። ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት ባልደረባዬ በየራሳችን አካውንት እንገባለን። ሥራው የሚቀመጠው «ሥራ» በሚባል የጋራ ፎልደር ነው። የጀመርኩትን ደብዳቤ ከፍታ ታነበዋለች፤ አርማ ሴቭ ስትል ግን «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላታል። የገረመኝ፣ ያንኑ ፋይል ማጥፋት ትችላለች! ጓደኛዬ «777 ስጠውና ተገላገል» አለኝ፤ ለማንም ሰው ሙሉ ፈቃድ የሚሰጥ ቁጥር ነው። ልቤ አልፈቀደም። ፎልደሩ ውስጥ የደንበኞች ፓስፖርት ኮፒ አለ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ልጆች የሚጫወቱበት ሦስተኛ አካውንት አለ።

ተርሚናል ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ እንኳን አልሰጠህ። 777 ማለት ለልጆቹም አካውንት ጭምር ማለት ነው። ሰው አምኖ ፓስፖርቱን ሰጥቶሃል። ደግሞም አይዘልቅም፤ የሚቀይረው አሁን ያሉትን ፋይሎች ነው፣ ነገ የምትጽፈው ያው እንደ ድሮው ይሆናል።

ሊኑክስ ላይ ማጥፋት የሚወሰነው በፎልደሩ ፈቃድ ነው፣ ማረም ግን በራሱ በፋይሉ። ዴቢያን ላይ ዩማስክ (ከአዲስ ፋይል የትኛው ፈቃድ እንደሚቀነስ የሚወስነው ቁጥር) በተለምዶ 022 ስለሆነ አዲስ ፋይል 644 ሆኖ ይፈጠራል። ባለቤቱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል። የእናንተ ችግር ይኸው ነው።

«ቢሮ» የሚል ግሩፕ ፍጠርና ሁለታችሁን አስገባ። በዩዘርሞድ ትእዛዝ ስታስገባ ከትልቁ ጂ (G) በፊት ትንሿን ኤ (a) እንዳትረሳ! ከረሳሃት ከሌሎቹ ግሩፖች ሁሉ ያስወጣሃል፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ከሚሰጠው ከሱዶም ጭምር። ከዚያ የፎልደሩን ግሩፕ «ቢሮ» አድርገህ ፈቃድ በሚቀይረው በቸሞድ ትእዛዝ 2770 ስጠው። 770ው ለባለቤቱና ለግሩፑ ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶ ሌላውን ይዘጋል። 2ቷ አዲስ ፋይል ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ እንዲወርስ ታደርጋለች። ግን ግሩፑን ብቻ መውረስ አይበቃም፤ በ644 ግሩፕም አንባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ በሴትፋክል (ለአንድ ግሩፕ ለይቶ ፈቃድ በሚሰጠው ትእዛዝ) ለ«ቢሮ» የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ ስጥ፤ አንዴ በውስጡ ላሉት ሁሉ፣ አንዴ ደግሞ ዲፎልት አድርገህ ወደፊት ለሚመጡት። ሴትፋክል ከሌለህ «ኤሲኤል» የሚለውን ፓኬጅ ጫን። ሲያልቅ ሁለታችሁም ወጥታችሁ ግቡ፤ አለዚያ አዲሱ ግሩፕ አይታወቅላችሁም።

ሌላ መላሽ፦
ማጥፋቱ የሚያሳስብህ ከሆነ 3770 አድርገው። ስቲኪ ቢት ይባላል፤ «ቴምፕ» ፎልደር 1777 የሆነው ለዚሁ ነው። የሌላ ሰው ፋይል ማጥፋት ይከለክላል።

ተርሚናል ወዳጅ፦
እውነት ነው፣ ግን ለዚህ ቤት አልመክረውም። አንዳንድ ፕሮግራም ሴቭ የሚያደርገው አዲስ ፋይል ጽፎ በአሮጌው ቦታ በመተካት ነው። ስቲኪ ቢት ያንንም ይከለክለዋል፣ ወደዚያው ችግር ትመለሳላችሁ። ይልቅ በየቀኑ ባክአፕ ያዙ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሠራ! ከዴስክቶፕ ያመጣኋቸው ብቻ አሁንም እምቢ አሉ።

ተርሚናል ወዳጅ፦
ሙቭ አድርገሃቸው ይሆናል። እዚያው ዲስክ ላይ ሙቭ የተደረገ ፋይል የድሮ ግሩፑንና ፈቃዱን ይዞ ነው የሚመጣው። ለእነዚህ የመጀመሪያውን ሴትፋክል ድገመው። ኮፒ ብታደርግም የፎልደሩን ግሩፕ ይወርሳል እንጂ የግሩፑ ፈቃድ በመነሻው ፋይል 644 ይገደባል፤ ስለዚህ ከአሁን በኋላም ከሌላ ቦታ ፋይል ባስገባህ ቁጥር ያንኑ ሴትፋክል ድገመው።