ኦኤስፒኤፍ ሳበራ ታነሉ ለምን ይወድቃል?

የአዳማው፦
ሰላም ወገኖች። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ያለሁት አዳማ ቅርንጫፍ። ሁለቱም ጋ ካታሊስት 9300 ስዊች አለ። መሃል ያለው የአቅራቢው መስመር የውስጥ ኔትወርካችንን ስለማያውቅ በላዩ ጂአርኢ ታነል (ፓኬትን በሌላ ፓኬት ጠቅልሎ የሚያሳልፍ ምናባዊ መስመር) ሠራሁ። መነሻው አዳማ 10.20.2.1፣ መድረሻው አዲስ አበባ 10.20.1.1። በስታቲክ ራውት (በእጅ በተጻፈ መንገድ) ሰላም ነበር። ቅርንጫፍ እየበዛ ስለሆነ ኦኤስፒኤፍ (ስዊቾች የሚያውቁትን መንገድ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ይሁን ተባለ። ካበራሁት ወዲህ ታነሉ ይነሳል፣ ጎረቤቱ (የአዲስ አበባው ስዊች) ፉል፣ ማለትም ሙሉ ግንኙነት፣ ይላል፣ ወዲያው ዱብ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። ሎጉ «ሪከርሲቭ ራውቲንግ» ይላል። አቅራቢው መስመሩ ጤነኛ ነው ባይ ነው። ሒሳብ ክፍል በስልክ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ሽቦ ቆጣሪ፦
አቅራቢው እውነቱን ነው። «ኔትወርክ 0.0.0.0» ተብሎ ሁሉም ኢንተርፌስ ኦኤስፒኤፍ ውስጥ ገብቷል ብዬ እወራረዳለሁ። ከሆነ አዲስ አበባ 10.20.1.0/30ን (መድረሻህ 10.20.1.1 ያለበትን ትንሽ ኔትወርክ) በታነሉ በኩል ይነግርሃል። አንተ ጋ ወደዚያ የሚወስደው ዲፎልት ራውት (ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚያዝ) ብቻ ነው። ስዊች ምንጊዜም ጠበብ ያለውን (ጥቂት አድራሻ የሚሸፍነውን) መንገድ ስለሚመርጥ /30ው ያሸንፋል። በቃ፣ የታነሉ መድረሻ የሚገኘው በራሱ በታነሉ ውስጥ ሆነ። ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ትቶ ሳጥኑን መቆለፍ ነው። ስዊቹ ይህን ሲያይ ታነሉን ይዘጋዋል። ሲዘጋ የኦኤስፒኤፍ ራውት ይጠፋል፣ ዲፎልቱ ይመለሳል፣ ታነሉ ይነሳል። ከዚያ እንደገና።

ወደ አቅራቢው የሚወጣውን ኢንተርፌስ ሁለቱም ጋ ከኦኤስፒኤፍ አውጣው። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልተኛም፤ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ይመልሰዋል። ለ10.20.1.1 በአቅራቢው ጌትዌይ በኩል የ/32 (ለአንድ አድራሻ ብቻ የሆነ) ስታቲክ ራውት ጻፍ። አዲስ አበባም ለ10.20.2.1 እንዲሁ። ከ/32 የሚጠብ የለም።

የአዳማው፦
ወንድሜ ተባረክ! ታነሉ ተረጋግቷል። ሌላ ጣጣ ግን አለ፤ ፒንግ ይሄዳል፣ ስካን የተደረገ ፋይል መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ሲፒዩው ይሆን?

የኔትወርኳ፦
9300 ጂአርኢን በሃርድዌር ይሠራል፣ ሲፒዩውን ተወው። የቆየ 3750 ቢሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነበር። ያንተ ኤምቲዩ (በአንዴ የሚያልፍ ትልቁ የፓኬት መጠን) ይመስለኛል። ጂአርኢ በየፓኬቱ 24 ባይት ይጨምራል፦ 20ው አዲስ የአይፒ ራስጌ፣ 4ቱ የራሱ። ከ1500 የሚተርፍህ 1476 ነው። ከዊንዶውስ እንዳይቆራረጥ አድርገህ 1448 ባይት ፒንግ ላክ፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመር 1476 ይሞላል። 1448 አልፎ 1449 እምቢ ካለ አገኘኸው። ፋየርዎላችሁ ከፒንግ በቀር ሌላውን አይሲኤምፒ (የኔትወርክ ችግር መልእክቶችን የሚያመላልሰውን) ዘግቶት እንዳይሆን እይ። «ፓኬቱ ትልቅ ነው» የሚለው መልእክት የሚመለሰው በእሱ ነው። አቅራቢው ከ1500 በላይ የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ ለምነው፤ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። እምቢ ካለ የቲሲፒ ኤምኤስኤስን (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን የዳታ መጠን) 1436 አድርገው።

የአዳማው፦
1449 እምቢ አለ! ፋየርዎሉም ከፒንግ በቀር ሌላውን አይሲኤምፒ ዘግቶታል። ላስከፍተው ነው።

ሽቦ ቆጣሪ፦
ሒሳብ ክፍል ስላልክ፤ ጂአርኢ ዳታ አይመሰጥርም። ደመወዝ የሚያልፍበት ከሆነ አይፒሴክ (ዳታውን የሚመሰጥር) በሚችል መሣሪያ ጨምርበት፤ ተራው 9300 አይሠራውም። ያኔ ጭማሪው ከ24 ባይት ስለሚበልጥ የኤምቲዩውን ሒሳብ እንደገና ሥራው።