የጎማ ንፋስ መብራት ሐረር ሳድር እየበራብኝ ተቸግሬአለሁ
ከሐረር ድሬዳዋ ለሥራ የምመላለስበት የ2011 እ.ኤ.አ. ሞዴል መኪናዬ የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት አልጠፋ ብሎኛልና የምታውቁ እርዱኝ። ድሬዳዋ በቀትር ሙቀት አራቱንም ጎማ 32 ፒኤስአይ አስሞልቼ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ካደርኩ፣ ጠዋት መብራቱ ይበራል። ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሲቀንስ ንፋሱ በ1 ፒኤስአይ ገደማ እንደሚወርድ ስለማውቅ ሦስቱ ጎማዎች 29 መሆናቸው አያስደንቀኝም፤ የኋላ ቀኙ ግን 24 ይሆናል። ጎሚስታው ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ ምንም ቀዳዳ አላገኘም። እኔ ግን የሳሙና አረፋ ቀብቼ የንፋስ መግቢያውን በጣቴ ወደ ጎን ገፋ ሳደርገው፣ ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ሥር ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ቀስ እያለች ስታብጥ አየሁ። ከሰሞኑ ደግሞ ሞተር ሳስነሳ መብራቱ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ነው በርቶ የሚቀረው፤ ይህ በብዙ መኪኖች የንፋስ ማነስ ሳይሆን የሴንሰር (ጎማ ውስጥ ሆኖ ንፋሱን የሚለካው ዕቃ) ብልሽት ምልክት ነው። የሴንሰር ባትሪ ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ስለሆነ፣ የኔው ያለቀ ይመስለኛል። ታዲያ የሥሩን ላስቲክ ብቻ ላስቀይር ወይስ ሴንሰሩን ጭምር? ድሬዳዋ ወይም ሐረር የትኛው ሴንሰር እንደሞተ በመሣሪያ አንብቦ አዲሱን ከመኪናው ጋር የሚያስተዋውቅ ባለሙያ ካለ ብትጠቁሙኝ፣ ልጆቼን ጭኜ ያንን ቁልቁለት የምወርድ ነኝና ውለታችሁ ትልቅ ነው።