ስለ ምስጠራ ኮዳችን ለቦርዱ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ የመልእክት መለዋወጫ ሶፍትዌራችን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት፣ የአሜሪካ የኤክስፖርት ደንብ ስለ ምስጠራ ምን እንደሚጠይቀን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ለቦርዱ እናቀርባለን። የረቂቁ 3ኛ አንቀጽ «ኮዱ የሚገኝበትን አድራሻ ለኢንዱስትሪና ደኅንነት ቢሮ እና ለብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በኢሜይል ማሳወቅ ግዴታ ነው» ይላል። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የሕግ ኮሚቴ ሰብሳቢ፦ አንቀጹ የቆየ ደንብ ይዟል። ምስጠራ እ.ኤ.አ. እስከ 1996 መጨረሻ ድረስ ከጦር መሣሪያ ጋር በአንድ ዝርዝር ይመዘገብ ነበር፤ ወደ ንግድ መሥሪያ ቤቱ ቁጥጥር ከተዛወረ በኋላም በ2000 የወጣው ማሻሻያ ለሁሉም ክፍት የሆነ ምንጭ ኮድ ያለ ፈቃድ እንዲወጣ ሲፈቅድ፣ በምትኩ የጠየቀው ይህንኑ ማሳወቂያ ነው። ከ2021 ወዲህ ግን ማሳወቂያው የሚፈለገው መደበኛ ያልሆነ ምስጠራ ላለበት ኮድ ብቻ ስለሆነ፣ «ግዴታ ነው» የሚለው እንዳለ ሊቀመጥ አይገባም።

የኮድ ኃላፊ፦ እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ፋይል ነው። መልእክቱን የምንመሰጥረው ኤኢኤስ (AES) በሚባለው፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ በጸደቀ መደበኛ የምስጠራ ስልት ነው፤ የስልክ ቁጥሮችን ዝርዝር የሚሸፍነው ግን አንድ አባላችን ራሱ የፈጠረው፣ የፊደል ገበታን ረድፎች እያፈራረቀ ቁልፍ የሚያወጣ ስልት ነው። ሥራው ያምራል፤ ነገር ግን ከጻፈው ሰው በቀር ማንም አልመረመረውም።

የሕግ ኮሚቴ ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ደንቡ መደበኛ ያልሆነ የሚለው፣ የታወቀ ዓለም አቀፍ የደረጃ አካል ያላጸደቀውንና በሌላ መንገድም ያልታተመውን ስልት ነው። ኮዱን ለሕዝብ መልቀቃችን ራሱ ማሳተም ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ኢሜይል መላክ ግን ከክርክሩ ይቀላል።

የስልቱ ጸሐፊ፦ ፋይሉ የእኔ ነው፤ ይውጣ ብትሉ ቅር አይለኝም፣ በዚህ ሳምንት በኤኢኤስ እተካዋለሁ። ይሁን እንጂ የለውጥ ታሪኩ ከኮዱ ጋር አብሮ ስለሚለቀቅ፣ ፋይሉን ብንሰርዘውም የድሮው ቅጂ ለፈለገው ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

የኮድ ኃላፊ፦ እውነት ነው፤ እኔም አላሰብኩትም ነበር። ታሪኩን መቁረጥ ደግሞ የ12 አባላትን የሥራ መዝገብ ማጥፋት ስለሆነ አልደግፈውም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ተቃውሞ ካልቀረበ 3ኛው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ማኅበሩ ወደፊት በመደበኛ ምስጠራ ብቻ ይጠቀማል፤ በለውጥ ታሪኩ ውስጥ ለሚገኘው የራሱ ስልት ግን ኮዱ ከመለቀቁ በፊት ለሁለቱም መሥሪያ ቤቶች በኢሜይል ያሳውቃል፣ የኢሜይሉንም ቅጂ በመዝገብ ያኖራል።»